ምዕራፍ ሰባት፦ ፈውስና ሒሳብ

ዋንዛዬ ፍል ውኃ በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ይገኛል። ከወረዳው ዋና ከተማ ከአንበሳሜ ብዙ አይርቅም። ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የቆሳሰለ፣ መድኃኒት ውጦ ያልተሻለው ሰው ከሩቅም ከቅርብም እየመጣ ይታጠብበታል። ከመካከላቸው ሕመሙ ከሥጋው ይልቅ በሐሳቡ የጸናም አይጠፋም። እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ ልጇን ቀብራ እህል አልወርድ ያላት፣ ልቡ ያለ ምክንያት እየመታ አሁን ልሞት ነው የሚል ሰው እዚያ ቢገኝ ማንንም አይገርምም።

እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ለመዳን ሲል የሚያወጣውን ቁጭ ብሎ ያሰላ ሰው በድምሩ ይደነግጣል። መሳፈሪያ አለ። ማደሪያ አለ። ስንቅ ተቋጥሯል፤ በሶውም ቆሎውም ከቤቱ ቀለብ የተነሣ ነው። አስታማሚ ስለሚከተል የአንድ ሰው ሕመም የሁለት ሰው ሥራ ያስፈታል። በእርሻ ወቅት ከሆነ ደግሞ ያልታረመው ማሳ ዋጋ አለው። ዘመድ ያዋጣል፣ ካልሞላም በግ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ወጪ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ማንም ጉትጎታ ይወጣል።

ከዩኒቨርሲቲ የወጡ የሥነ-ልቦና ተመራቂዎችን የራሳቸውን የምክር ቢሮ ለምን እንደማይከፍቱ ስጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «እዚህ አገር ለወሬ ማን ይከፍላል?» ይላሉ። መልሱ የተጠና ይመስላል፤ ግን ከዋንዛዬ ጋር አይገጥምም። ሕዝቡ ለፈውስ ይከፍላል፤ ያውም ከአቅሙ በላይ። ያልከፈለው እኛ ላዘጋጀንለት ነገር ነው፤ ምክንያቱም ያዘጋጀነውን አያውቀውም፣ አላመነውም፣ ወይም ከኑሮው ጋር አልገጠመለትም። የሥራ ፈጣሪ አስተሳሰብ የምለው ከዚህ ይጀምራል። ሰው ምን እየተወ ምን እንደሚፈልግ በዓይን ማየት ነው። ገንዘብ መውደድ ወይም ደፋር መሆን ከዚህ በኋላ የሚመጣ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማያስፈልግ ነገር ነው።

ጥያቄውን አንበሳሜ ላይ ያነሣሁት ሆን ብዬ ነው። ስለ ግል የምክር አገልግሎት ሲወራ ሁሉም የሚያስበው አዲስ አበባን ነው፤ ቢበዛ ባሕር ዳርን። እዚያ የመኖሪያ ሠፈርህንና የሕክምና ቢሮህን አራርቆ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ደመወዝተኛው ብዙ ነው፣ ስለ ሥነ-ልቦና በሬዲዮ የሰማ ሰው ሞልቷል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሐሙሲት ደርሶ ወደ ውስጥ ገባ ባለች የወረዳ ከተማ ግን የአስተሳሰቡ ጥንካሬ ይፈተናል። እዚህ የሠራ አሠራር ሌላ ብዙ የወረዳ ከተማ ላይ ሊሠራ ይችላል።

የአገሪቱን የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ክፍተት አዲስ አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረ ሲሆን ለብዙ አስርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የሥነ-አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ውጭ አገር ተልኮ ይማር ነበር፤ ከተላኩትም ያልተመለሱ አሉ። ዛሬ ጎንደርና ጅማን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስመርቃሉ፤ ከደራ ተነሥቶ ሐኪም ፍለጋ የሚሄድ ሰውም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ደብረ ታቦር አለለት። እነዚህ ግን ሕመሙ የከበደበት ሰው የሚደርስባቸው በሮች ናቸው። ገና ያልከበደበት፣ ሥራ እየሠራ ውስጡ የሚቃጠል፣ ትዳሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ልጁ ትምህርት ያቆመበት ሰው የሚገባበት በር የለም። የግል አማካሪ ቦታ ይህ ነው።

ወደ አስተሳሰቡ ልመለስ። እንዲያውም ለሥነ-ልቦና ባለሙያ ይህ የራሱ ቤት ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ወጣት የወሰደው የኢንተርፕርነርሺፕ ሥልጠና መሠረቱን የጣለው የሥነ-ልቦና ምሁር ነው። የሃርቫርዱ ዴቪድ ማክሌላንድ ሰዎች አንድን ነገር ከግብ ለማድረስ ያላቸውን ውስጣዊ ጉጉት ሲያጠና ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹም ህንድ ውስጥ ካኪናዳ በምትባል ከተማ ያሉ ነጋዴዎችን አሠልጥኖ፣ ከሠለጠኑት መካከል ካልሠለጠኑት የበለጠ አዲስ ሥራ የጀመሩና መዋዕለ ንዋይ ያፈሰሱ ሰዎች እንደተገኙ አሳየ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 የጀመረው ኤምፕሬቴክ የተባለው ሥልጠና ከዚህ ምርምር የወጣ ነው። ወደ እኛ የመጣው በ2005 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ማዕከል በኩል ነው፤ ማዕከሉ በኋላ ኢንስቲትዩት ሆኗል።

ከማክሌላንድ ሥራ ሁሉ ለአማካሪ የሚጠቅመው አንድ ቀላል ጨዋታ ነው። ሰዎች ቀለበት ወርውረው የቆመ እንጨት ላይ እንዲያጠልቁ ይጠየቃሉ፤ ምን ያህል ርቀው እንደሚቆሙ የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። አንዳንዱ እንጨቱ ሥር ቆሞ ይጥላል፤ አይስትም፣ ግን ምንም አላደረገም። አንዳንዱ ከሩቅ ይወረውራል፤ ቢስት የርቀቱ ጥፋት ነው። ነገሮችን ከግብ የማድረስ ጉጉት ያላቸው ሰዎች የሚቆሙት መካከል ላይ ነው፤ ሊስቱ በሚችሉበት፣ ግን ልምምዳቸው ለውጥ በሚያመጣበት ቦታ።

በሙያችን ያየሁት ሁለቱን ጫፎች ነው። አንዱ ወገን የመንግሥት ደመወዙን ይዞ «አንድ ቀን» እያለ ዕድሜውን ይጨርሳል። ሌላው ሥራውን በአንድ ቀን ለቆ፣ ሰፊ ቤት ተከራይቶ፣ ሶፋ ገዝቶ፣ በአራተኛው ወር ኪራይ አጥቶ ይዘጋል። መካከለኛው ርቀት ምን ይመስላል? የሚሠራበትን ተቋም ደንብ አይቶ፣ ከደመወዙ ሳይወጣ፣ አንድ ክፍል ብቻ ተከራይቶ፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ መክፈት ነው። የሙያ ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ ቀድሞ ማውጣት፣ ንግድ ፈቃዱንና የግብር መለያ ቁጥሩን ከዚያ ማስከተል ነው። ያለ ፈቃድ ጀምሬ ሲሞላልኝ አወጣለሁ የሚለውን አካሄድ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ከሕጉም ባሻገር፣ ምሥጢር የሚነገርበት ቤት በማኅተም ሲታሸግ ምሥጢሩን የነገረው ሰው ምን እንደሚሰማው ማሰብ ያስፈልጋል።

ደራ ለአዲስ ነገር እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን በጣና ምሥራቃዊ ዳር የነበረችው ቆራጣ በነጋዴዎቿና በቡናዋ የታወቀች ከተማ ነበረች። ከቆራጣ ይልቅ ግን እኔን የሚያስተምረኝ የጅግና ሩዝ ነው።

የፎገራና የደራ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። አርሶ አደሩ ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ ይዘራበት፣ ከብቱን ያሰማራበት ነበር፤ የክረምቱ ውኃ ራሱ ግን ጥቅም አልነበረውም። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ሞካሪዎች አንዱ በደራ የሚገኘው የጅግና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር፤ ሌላው የፎገራው ሻጋ ነው። ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቦታ ነው። ሩዝ ለዚያ አገር ሰው ባዕድ እህል ነበር፤ ሩዝን እንደ ሩዝ ቀቅሎ ብላ ቢባል ኖሮ ነገሩ ከሙከራ አያልፍም ነበር ብዬ አምናለሁ። ያሳለፈው ሴቶቹ ከጤፍ ጋር ቀይጠው እንጀራ ስለጋገሩት ነው። አዲሱ እህል በምጣዱ በኩል፣ በሚታወቀው መሶብ ላይ ሆኖ ቀረበ። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚያው ፎገራ፣ ወረታ ላይ የተቋቋመው ያለ ምክንያት አይደለም።

ምክርም እንደ ሩዙ ነው። ከአሜሪካ መማሪያ መጽሐፍ እንደወጣ፣ ሃምሳ ደቂቃ፣ በየሳምንቱ፣ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ተደርጎ፣ ማለቂያው ሳይታወቅ ሲቀርብ አይበላም። እንጀራው የቱ ነው? ሰው ዛሬም በጭንቀት ጊዜ የሚሄድባቸው ቦታዎች ናቸው። የንስሐ አባቱ አሉ። የባልና ሚስት ጠብ የሚፈታው በሽማግሌ ነው። የወለደች ሴት አጠገብ እናቷና ጎረቤቷ አሉ። የወደቀ ተማሪ ያለው በክፍል ኃላፊው እጅ ነው። አማካሪዋ (ለዚህ ምዕራፍ ስል ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ወደ አንበሳሜ የመጣች አንዲት ባለሙያ እንዳለች እናስብ) እነዚህን ሰዎች ተፎካካሪ አድርጋ ከቆጠረች አልቆላታል። ከቢሮው ኪራይ በፊት የመጀመሪያው ወር ሥራዋ እነሱን መጎብኘት ነው፤ ለማስተማር ሳይሆን ለመጠየቅ። «ምን ዓይነት ሰው ሲመጣ ይቸግርዎታል? ማንን ወዴት እልካለሁ ብለው ያውቃሉ?» ብላ ትጠይቅ። አንድ የንስሐ አባት ሱባኤም ጸሎትም አድርጋ እንቅልፍ ያልመጣላትን ሴት ወዴት እንደሚልኩ ካወቁ፣ ያ ከማንኛውም የመንገድ ላይ ሰሌዳ ይበልጣል።

የጠበሉ ነገርም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሥነ-አእምሮ ሐኪሞች ከጠበል ቦታ ካህናት ጋር ተግባብተው፣ ሕመምተኛው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲያገኝ አድርገው ሠርተዋል። አማካሪዋ ይህን ስታውቅ ወደ እሷ የመጣውን ሰው «ጠበሉን ተው» ማለት አያስፈልጋትም። ማለት ያለባት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው ያለ ሐኪሙ ፈቃድ እንዳያቋርጥ። ይህን ከካህኑ አፍ እንዲሰማ ማድረግ ከቻለች ደግሞ በጣም የተሻለ ነው።

ከአፍሪካ ወገን የዚምባብዌን ሥራ ማየት ይበጃል። የሥነ-አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ችግራቸውን ሊያወሩ የሚመጡትን ሰዎች እነዚያ አያቶች በጥቂት ቀጠሮ ይረዷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በዚህ መንገድ የተረዱ ሰዎች ከተለመደው ክትትል ይልቅ የተሻለ እፎይታ እንዳገኙ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በአምስት ቀጠሮ የሚያልቅ የችግር መፍቻ መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። አምስት ቀጠሮ ለገበሬ ይገባዋል፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም ይታወቃል፣ ወጪውም አስቀድሞ ይሰላል። «እስኪሻልህ ድረስ ና» ከማለት «አምስት ጊዜ እንገናኛለን፣ ሦስተኛው ላይ ለውጥ ካላየን ሌላ መንገድ እንፈልጋለን» ማለት ሙያውንም ንግዱንም ያከብራል።

አሁን ገንዘቡ ጋ ደርሰናል፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ጥሩ አካሚ የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ስለ ክፍያ ማፈር የእኛ ብቻ አይደለም። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጽሑፉ ሐኪም ስለ ገንዘብ በግልጽ እንዲናገር መክሯል፤ ሕመምተኛው የሚከፍለው ለተያዘለት ሰዓት እንደሆነ አስረድቷል። በዚያው ጽሑፍ ለአሥር ዓመት ያህል በየቀኑ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት በነፃ ሲያክም እንደቆየ ይናገራል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ አያቸዋለሁ። በነፃ የሚሰጠው ሰዓት ሊሰጥ የሚችለው የተከፈለበት ሰዓት በትክክል ከተሰላ ብቻ ነው።

ሥራው አድጎ ሙሉ ጊዜዋን ለምትሰጥ አማካሪ ስሌቱን በምሳሌ እንሥራው፤ ቁጥሮቹን ያመጣኋቸው አሠራሩን ለማሳየት ነው፣ እያንዳንዱ በራሱ ይተካቸው። የክፍሉ ኪራይ፣ የጸሐፊዋ ደመወዝ፣ መብራት፣ ስልክ፣ የግብር መጠባበቂያና የባለሙያዋ የራሷ ኑሮ በወር 24,000 ብር ይሁን። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፦ በቀን አራት ሰው፣ በወር 26 ቀን፣ 104 ቀጠሮ። 24,000 ለ104 ሲካፈል 231 ብር ገደማ ይሆናል። በዚህ ዋጋ የከፈተ ሰው ይዘጋል። ምክንያቱም በዓላት አሉ፣ ለቅሶ አለ፣ ባሕር ዳር መሄድ አለ፣ መታመምም አለ፤ የሥራው ቀን 18 ይሆናል። ይህ 72 ቀጠሮ ነው። ከአራቱ አንዱ ይቀራል፤ ወንዝ ሞልቶበት፣ በሬው ታሞበት፣ ወይም ፈርቶ። 54 ቀረ። ከስድስቱ አንዱን በነፃ ለማከም ከወሰነች የሚከፍለው 45 ነው። 24,000 ለ45 ሲካፈል 533 ብር ይመጣል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ርቀት የብዙ ቢሮዎች መዝጊያ ምክንያት ነው፤ ባለቤቶቹ ግን «ሕዝቡ አልገባውም» ብለው ይሄዳሉ።

533 ብር ለአንድ ቀጠሮ ለደራ ገበሬ ከባድ ነው። ዋጋውን በስሜት መቀነስ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ መፍትሔው ገቢውን ከአንድ ምንጭ ማላቀቅ ነው። ከአንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ከባንክ ቅርንጫፍ፣ ከአንድ የልማት ድርጅት ጋር ለሠራተኞችና ለተማሪዎች ሥልጠናና ምክር ለመስጠት በወር 9,000 ብር የሚያስገኝ ውል ቢኖራት፣ የቀረው 15,000 ለ45 ሲካፈል ዋጋው ወደ 333 ይወርዳል። ስድስት ስምንት ሰው በአንድ ላይ የሚቀመጥበት የቡድን ውይይት ሲጨመር የነፍስ ወከፍ ክፍያው ከዚያም ይቀላል። ሐዘን ላይ ላሉ ሴቶች፣ አልኮል ለመተው ለሚታገሉ ወንዶች ቡድን እንዲያውም ከነጠላ ምክር ይሻላል ባይ ነኝ። ሰውየው ብቻውን እንዳልሆነ የሚያየው እዚያ ነው።

ወቅቱም ዋጋ ነው። በዚህ አገር ብር የሚገባው እህል ሲሰበሰብ፣ ከኅዳርና ታኅሣሥ ጀምሮ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ኪስ ይደርቃል። የምክር ፍላጎት ግን ወቅት አይጠብቅም፤ ምናልባትም ክረምት ላይ ይብሳል። ስለዚህ አማካሪዋ እንደ ገበሬው ዓመቱን አስባ መኖር አለባት። ከጥር ገቢዋ ለነሐሴ ኪራይ ማስቀመጥ፣ ለሚያውቁት ሰው የአምስቱን ቀጠሮ ክፍያ እስከ አዝመራ ማቆየት ይቻላል። ዱቤ ስትሰጥ ግን ደብተር ላይ መጠን አስቀምጣ ትስጥ፤ በወር ከሦስት ሰው በላይ አይሁን። ዕዳ ያለበት ሰው አፍሮ ከቀጠሮው ይቀራል፣ እሷም ገንዘቧንም ሕመምተኛዋንም ታጣለች።

የጤና መድን ይከፍልልኛል ብሎ ማቀድ ለጊዜው አያስኬድም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የደራ ጎረቤት ፎገራ ነበር፤ ሕዝቡ አሠራሩን ያውቀዋል። ውሉ ግን በአብዛኛው ከመንግሥት ጤና ተቋማት ጋር ነው። ስለዚህ የመድን ካርድ የያዘ ሰው «ጤና ጣቢያ ሳልከፍል እታከማለሁ፣ አንቺ ጋ ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልስ ሊኖራት ይገባል። በካርዱ የሚያገኘውን ካርዱን ተጠቅሞ እንዲያገኝ መላክ፣ ራሷ የምትሰጠው ደግሞ ጊዜና ምሥጢር እንደሆነ በግልጽ መናገር አለባት።

መነሻ ገንዘቡን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ። እቁብ ይበቃል። የቀድሞው አብቁተ የዛሬው ፀደይ ባንክም አለ። ለአንድ ክፍል፣ ለሦስት ወንበርና ለሚቆለፍ ቁም ሣጥን ግን ትልቅ ብድር መውሰድ ብልኅነት አይመስለኝም። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ካለፈ ወዲህ፣ ኪራይም ዕቃም የሚቆምበት አይታወቅም። ዋጋዋን በየስድስት ወሩ እንደምታይ ከመጀመሪያው ለደንበኞቿ ብትናገር በኋላ ከማፈር ትድናለች።

ትንሽ ከተማ ውስጥ ትልቁ ሀብት ግን ምሥጢር ነው። ባሕር ዳር ላይ አንድ ሰው የአማካሪ ቢሮ ሲገባ ማን ያየዋል? አንበሳሜ ላይ ሁሉም ያያል። ስለዚህ የቤቱ አቀማመጥ የሙያው አካል ነው። ብቻውን የቆመ፣ በሩ በቀጥታ ወደ ዋናው መንገድ የሚከፈት፣ ትልቅ ሰሌዳ የተሰቀለበት ቤት የምክር ቢሮ ሊሆን አይችልም። ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ጥርስ ሐኪም፣ የጽሕፈት አገልግሎት ባሉበት ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል ይሻላል፤ የገባው ሰው ለምን እንደገባ አይታወቅም። ድርጅቱ ሲሰየም ሕመም የሚጠራ ስም አይሰጠው። ይህ ለቴሌብርም ይሠራል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያ በስልክ ቀሏል፤ ነገር ግን ከከፈሉ በኋላ የሚመጣው መልእክት የተከፋዩን ስም ይይዛል፣ ስልኩንም ባል ወይም ሚስት ሊያነብ ይችላል። በጥሬ ገንዘብ መክፈል የፈለገችን ሴት ለምን ብሎ መጠየቅ አይገባም።

የገበያ ቀን ጥሩ የሥራ ቀን ነው፤ ገጠሬው ለሌላ ጉዳይ ከተማ ስለሚገባ ወደ ቢሮዋ ጎራ ማለቱ አይታወቅበትም፣ መሳፈሪያም አያወጣም። በዚያ ቀን ከሌላው ቀን በእጥፍ የሚሠራ ቢሮ ላይ ክፋት የለም። በተከታታይ ቀጠሮ መካከል ሩብ ሰዓት ክፍተት ይኑር፤ ወጭና ገቢ በር ላይ አይጋጠሙ። የአንድ ቤተሰብ ሰዎችና ጎረቤታሞች በተለያየ ቀን ይቀጠሩ።

ሰላምታም አለ። በሌላ አገር ያሉ አማካሪዎች ደንበኛቸውን መንገድ ላይ ሲያዩ ቀድመው ሰላም አይሉም፤ ምሥጢር ለመጠበቅ ነው። ደራ ላይ ሰላም ያላለ ሰው ግን የተጣላ ነው፤ እንዲያውም ሰው ይጠራጠራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ አንድ ላይ ይወሰን፤ «ገበያ ላይ ስንገናኝ እንደ ማንኛውም ሰው እንሳሳማለን፤ ከየት እንደምንተዋወቅ የጠየቀ ካለ መልሱን አንተ ትሰጣለህ፣ እኔ ዝም እላለሁ።» ለክርስትናና ለሰርግ መጠራትም አይቀርም። ማርና ዶሮ ይዞ የሚመጣም ይኖራል። ሁሉንም እምቢ ማለት ንቀት ነው፣ ሁሉንም መቀበል ደግሞ ዳኝነትን ያደበዝዛል። እኔ ብሆን ሕክምናው እየተካሄደ ስጦታ አልቀበልም፤ ካለቀ በኋላ የመጣውን ማር ግን አልመልስም።

እስካሁን ያልነካሁት ከሁሉ የከበደው ነገር ይቀራል። ሌላው ነጋዴ ደንበኛው እንዲመላለስ ይፈልጋል። አማካሪ የሚሠራው ደንበኛው እንዲሄድ ነው። ገቢዋ በቀጠሮ ብዛት ላይ ብቻ ከተመሠረተ፣ የተሻለውን ሰው «ለጥንቃቄ ጥቂት ጊዜ ና» የማለት ፈተና ይመጣል። ክፋት ሳይሆን ኪራይ ነው እንዲህ የሚያሰኛት። የሥራ ፈጣሪ አስተሳሰብ እዚህ ላይ ሥነ-ምግባሩን ይጠብቃል የምለው ለዚህ ነው። የገቢ ምንጯ የተለያየ፣ ለነሐሴ ያስቀመጠች፣ ዋጋዋን በትክክል ያሰላች ባለሙያ የዳነን ሰው በደስታ ትሸኛለች። ያላሰላችው ትይዘዋለች። በተመሳሳይ ምክንያት ሕመምተኛ ለላከላት ሰው ኮሚሽን መክፈል የለባትም፤ አንድ ጊዜ ከተጀመረ ሰው የሚላከው ሕመሙ ታይቶ መሆኑ ይቀራል፤ ለሚያስገኘው ኮሚሽን ይሆናል። «ዳንኩ» ብሎ የሚመሰክር ሰውም ለማስታወቂያ ማቅረብ አትችልም፤ ምሥጢሩን ሸጣ ስም መግዛት ይሆናል። ስሟ የሚሠራው በጓዳ ነው፤ እህት ለእህት በምትነግረው።

ከአቅም በላይ የሆነውን ማወቅም የንግዱ አካል ነው። ድምፅ የሚሰማው፣ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ፣ ሳይበላ ቀናት የቆየ ሰው ሲመጣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ታቦር መላክ አለበት፤ ወረቀት ጽፎ ብቻ ሳይሆን ለሐኪሙ ደውሎ፣ አብሮት የሚሄድ ሰው አግኝቶ። የዚያ ቀን ክፍያ ባይቀበሉ ጥሩ ነው።

ስለ ጊዜው ዝም ማለት አይቻልም። በ2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ጎንደር ድረስ መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፣ መንገድም በየጊዜው ይዘጋ ጀመር። የምክር ፍላጎቱ የጨመረበትና ቢሮ መክፈት የከበደበት ዘመን አንድ ሆነ። በኢንተርኔት ብቻ ለመሥራት ያቀደ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ እጁ ይታሰራል። ስለዚህ በድምፅ ስልክ ብቻ የሚካሄድ ቀጠሮ፣ በወረቀት የሚሰጥ የቤት ሥራ፣ መንገድ ሲዘጋ ማን ማንን እንደሚያይ አስቀድሞ የተስማሙበት የሥራ ባልደረባ ያስፈልጋል። የሰው ጉዳት ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ባለሙያ ራሷም ትጎዳለች፤ ሐዘኑ በቤተሰቧም ደርሶ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ካለ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ጋር በወር አንድ ጊዜ ስለ ሥራዋ የምትነጋገርበት ሰዓት ከ24,000ው ውስጥ እንደ ኪራይ ይቆጠር። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ነው፤ መቆረጥ የሌለበትም ይህ ነው።

በስድስተኛው ወር ደብተሩን ገልጣ ሦስት ነገር ትይ። ከጀመሩት ውስጥ አምስቱን ቀጠሮ የጨረሱት ስንት ናቸው? ከመጡት ውስጥ በቀድሞ ደንበኛ፣ በካህን ወይም በመምህር የተላኩት ስንት ናቸው? የነሐሴ ኪራይ ተቀምጧል? የመጀመሪያው ዝቅ ካለ ችግሩ ከአሠራሯ ነው፤ ዋጋ መቀነስ አይፈታውም። ሁለተኛው ዝቅ ካለ ወደ ጉብኝቱ ትመለስ። ሦስተኛው ብቻ ከጎደለ ሙያው ሠርቷል፣ ስሌቱ ነው የሚስተካከለው፤ ምናልባት ዋናውን ቢሮ መኪና ወደሚበዛበት ወደ ሐሙሲት አዛውራ፣ አንበሳሜን በገበያ ቀን ብቻ ማገልገል ይሻላት ይሆናል። ያን ከመወሰኗ በፊት ግን ቀጠሮ ላይ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠርታ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀጥል መጨረስ አለባት።